ሃያ አንድ ኪሎ

ጥቅምት 4

ለልጄ፣

እኔ ደህና ነኝ። አንቺም ደህና መሆንሽን ከደብዳቤሽ ርዝመት አውቄዋለሁ፤ የታመመ ሰው አራት ገጽ አይጽፍም። አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለእኔ ስትጽፊ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጊው። የአንቺ ጽሑፍ ስኳር ያገኘ ጉንዳን ይመስላል።

ልጅሽ ምን እንደምትበላ ጠይቀሻል። የምሰጣትን ትበላለች። እናትሽ ከሞተች ሁለት ወር ሆነ፤ በሁለት ወር ውስጥ በዚህ ቤት በረሃብ የሞተ የለም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን “ሽማግሌው ልጅቷን በሻይና በሱቅ ብስኩት ነው የሚያሳድጋት” ብላ እንደጻፈችልሽ አውቃለሁ። የሷ ምላስ ከመቀሷ ይረዝማል። ብስኩት ሰጥቻታለሁ፣ አልክድም። ብስኩት ምግብ አይደለም ያለው ማነው?

ልውሰዳት ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። አንቺ ሦስት ዓመት በሰው አገር የሆቴል አንሶላ ስታጥቢ እኔና እናትሽ ነን ያሳደግናት። አሁን የራሴ ክፍል ተከራየሁ ብለሽ ልጅ እንደ ሻንጣ ይነሳልሻል? እናትሽ ስትታመም ጻፍንልሽ፤ ፈቃድ አልሰጡኝም አልሽ። የመጣሽው በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ከሁሉም በላይ ጮኸሽ ያለቀስሽው ግን አንቺ ነሽ። ሰው ሁሉ አንቺን ሲያጽናና እኔ ወንበር ሳመላልስ ዋልኩ። እሱን አልረሳሁም። አንቺም እንድትረሺው አልፈልግም።

ቢሆንም ፈሪ አይደለሁም። ያቀረብሽልኝን ውል ተቀብያለሁ። እናትሽ በሞተች ሰሞን ልጅቷ ጤና ጣቢያ ስትመዘን ሃያ አንድ ኪሎ ነበረች። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ሲዘጋ ነርሷ ትመዝናታለች። ከሃያ አንድ ካነሰች መጥተሽ ውሰጃት፣ ቃል አይወጣኝም። ካላነሰች ግን እዚሁ ትቀራለች፤ አንቺም “ልውሰዳት” የሚል ነገር ሁለተኛ አትጽፊልኝም። ይሄ የግንበኛ ቃል ነው። አርባ ስድስት ዓመት ገንብቼ አንድ ግድግዳ አልተዛነፈብኝም።

ከዛሬ ጀምሮ የሱቅ ዳቦና ብስኩት በዚህ በር አይገባም። ራሴ እጋግራለሁ፣ ራሴ እቀቅላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲሚንቶ ያቦካሁ ሰው ዱቄት ያቅተኛል?

አባትሽ

ልብስ ሰፊዋ ሊጧ አልነሳ ብሏት ምክንያቱን ይጠይቁልኝ ብላኛለች። እጇን ስለቆሰለች ራሷ መጻፍ አልቻለችም። የምትጠይቅሽ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።


ጥቅምት 25

ለልጄ፣

ውሃው ለብ ያለ መሆን እንዳለበት ለልብስ ሰፊዋ ነግሬአታለሁ። በፈላ ውሃ ነበር የምታቦካው። እርሾው ተቀቅሎ እንደሚሞት ስትሰማ ደነገጠች። የቆሰለው የትኛው እጇ ነው ላልሽው፣ የትኛውም ቢሆን ምን ያደርግልሻል? ድኗል።

የእኔ ዳቦ እንዴት እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ የማውቀው አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ነው። እናም አንድ ውሃ ለሦስት ዱቄት አልኩ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከምድጃው ሳወጣው ውሃ ልክ አስቀመጥኩበት፤ ፀጉር ታህል አልተዛነፈም። እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ ዳቦ በዚህ ሰፈር ተጋግሮ አያውቅም። ቢላዋው ግን እምቢ አለ። በንዴት ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ልስኑ ረገፈ። ዳቦው ደህና ነው።

ልጅሽ ከሱ ገምጣ የፊት ጥርሷ እዚያው ተሰክቶ ቀረ። አትጩሂ። ሲነቃነቅ የከረመ ጥርስ ነው፤ ደሙም ትንሽ ነበር። ጥርሷን ከዳቦው ላይ ነቅዬ ሰጠኋት፤ መዳፏ ላይ አድርጋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ከዚያ ወዲህ ፍንጭቷ ነው የምላት። አልወደደችውም። ትለምደዋለች።

ስንት ኪሎ ሆነች ላልሽው፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል። ነርሷ ሲሠራ እጠራዎታለሁ ብላኛለች።

ደብዳቤዎቼን ያነቡላታል ወይ ብለሻል። አነብላታለሁ። ታዲያ ለምን አትጽፍልኝም ላልሽው፣ ትምህርት በዝቶባታል። ደግሞ ለልጅቷ የሚሆን የሾርባ አሠራር የምልክልዎ ልጄ ስትጽፍልኝ ነው አልሽ። ሱቅ ነው እንዴ የከፈትሽው? ከአባትሽ ጋር እንዲህ መገበያየት ማን አስተማረሽ? እሺ። ትጽፍልሻለች።

አባትሽ


ኅዳር 9

ለልጄ፣

የጠየቅሽው ይኸውልሽ። ራሷ ናት የጻፈችው። እኔ እርሳሱን ቀርጬ ከመስጠት በቀር እጄን አላስገባሁም። አሁን ሾርባውን ላኪ።

አባትሽ

*ለእማዬ፣*

*ደህና ነኝ። አያቴ ጎበዝ ነው። ዳቦ ይጋግራል። ሩዝም ይሠራል፣ ሩዙም አያርርም። እኔ በጣም ወፍሬአለሁ። ልብስ ሰፊዋ ውሸታም ናት። እዚህ መቅረት ነው የምፈልገው። አንቺን ብዙም አላስታውስሽም። ሥራሽን ሥሪ።*

*ልጅሽ*


ኅዳር 27

ለልጄ፣

ሾርባው ሆነ። ሽንኩርቱን በቀስታ ያቁላሉ ያልሽውን በቀስታ አቁላላሁ፤ ሦስተኛው ሽንኩርት ላይ ተሳካልኝ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ከሰል ሆነዋል። ካሮቱንና ድንቹን እኩል ይክተፉ ስላልሽኝ በሜትር ለካሁት፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር። ፍንጭቷ ማንኪያዋን አንስታ አየችና “አያቴ፣ ይሄ ካሮት ነው ጡብ?” አለችኝ። ሁለት ሳህን ጠጣች። ሳህኑን ላሰች። እኔ ዞር ብዬ ነበር የቆምኩት፤ ላሰች የምልሽ ድምፁን ሰምቼ ነው።

ጓሮ ውስጥ ከጡብ ምድጃ ሠርቻለሁ። የበፊቱ ምድጃ ለሴት እጅ የተሠራ ነበር። አሁን እሳቱ እኔን ይሰማል።

አንቺና እሷ የዳቦውን ጫፍ ምን ታደርጉት እንደነበር ይጠይቋት ላልሽው፣ ጠየቅኳት። “ቅቤ ትቀባልኝ ነበር” አለች። ይሄ ምኑ ነው የሚጠየቀው? ሌላ ሥራ የለሽም?

ሚዛኑ ገና አልተሠራም።

አሁን አንድ ነገር እጽፍልሻለሁ። ልብስ ሰፊዋ አይደለችም፣ እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። ዳቦው አሁን ይነሳል፣ ቢላዋም ይገባዋል። ግን የእናትሽን አይሸትም። ፍንጭቷ “የሳሙና ጣዕም አለው” ትላለች። ጎርሳ ጉንጯ ውስጥ ትይዘውና ውጪ ወጥታ ከአጥሩ ሥር ትተፋዋለች። አላየኝም ብላ ነው። እናትሽ ምን ነበር የምትጨምርበት? አንድ ነገር ነበራት። አርባ ዓመት አብሬአት ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ይኸው አሁን አንቺን ጠየቅኩ። ደስ ይበልሽ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 8

ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። ፊደሉን እንዳዘዙኝ ጎላ ጎላ አድርጌአለሁ፤ እንዳይቸገሩ ብዬም አሳጥሬዋለሁ።

ያንን ደብዳቤ የጻፈችልኝ ልጄ አይደለችም፣ እርስዎ ነዎት። ፊደልዎ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ስለሚንጋደድ መጀመሪያ አልያዝኩዎትም። ትራሴ ሥር አድርጌው ስንት ቀን አደርኩ። የዳቦውን ጫፍ ግን ቅቤ ቀብቼላት አላውቅም። እሷን ቢጠይቋት ኖሮ ሳታስብ ትመልስልዎ ነበር። ምን እናደርገው እንደነበር አልነግርዎትም።

እማዬ ምን ትጨምር ነበር ላሉት፣ ምንም አትጨምርም። እርሾ ነበራት። ከእናቷ የወረሰችው፣ በየቀኑ ዱቄትና ውሃ እያበላች ያቆየችው። መስኮቱ ሥር በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀመጠው ጠርሙስ ነው። ለሐዘኑ ስመጣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አገኘሁት። ማን እንደጣለው ብጠይቅ “እኔ ነኝ፣ ሸተተኝ” ያሉት እርስዎ ነዎት። አርባ ዓመት የበሉትን ነገር መልኩን አያውቁትም ነበር። የጠርሙሱ ጎን ላይ የቀረውን ፍቄ በመሀረቤ ይዤ ሄድኩ። ዛሬም እዚህ ክፍሌ መስኮት ላይ በሕይወት አለ።

ከዚህ ጋር በወረቀት የጠቀለልኩልዎ ቅርፊት እሱ ነው፣ አድርቄው ነው። እንዴት እንደሚነቃ የምጽፍልዎ ልጄ በራሷ እጅ ስትጽፍልኝ ነው። ሳያውቁ እንዳይነኩት፣ ይሞታል። አንድ ጊዜ ገድለውታል።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 26

ለልጄ፣

አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ምን ይሁን? ፊደሌ የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል የሆነው ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ድንጋይ ማመላለስ ስለጀመርኩ ነው። ያንቺ ፊደል እንደዚያ ያማረው በማን ጀርባ እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

ሁሉንም ካወቅሽ ይሄንንም እወቂው። ከደብዳቤዎችሽ አንዱንም አላነበብኩላትም። ምድጃ አቀጣጥልባቸዋለሁ። ወረቀትሽ ደህና ይነድዳል። “እማዬ ጻፈች?” ስትለኝ “አልጻፈችም” ነው የምላት። እያደር መጠየቁን ትታው ነበር።

ጠርሙሱን የጣልኩት ሳላውቅ ነው። ታማሚ የከረመበት ቤት ሁሉ ነገሩ ይሸታል፤ የቱ የበሽታ የቱ የዳቦ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ይቅርታ እየጠየቅኩሽ አይደለም። የሆነውን መንገሬ ነው።

እርሾሽን ደግሞ አነቃሁት። ያንቺ ማስተማር አላስፈለገኝም። በሌላ ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ዱቄት ሰጠሁት፣ ጠርሙሱን ኮቴ ውስጥ ደረቴ ላይ አድርጌ አራት ቀን ይዤው ዞርኩ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ ብቅ ብላ “ጋሼ፣ አረገዙ እንዴ?” አለችኝ። “አዎ፣ ካንቺ ነው” አልኳት። መስኮቷን ዘጋች። በአምስተኛው ቀን ጠርሙሱ አረፋ አወጣ።

ዳቦውን ሐሙስ ጋገርኩ። ከምድጃው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ተንጣጣ። እናትሽ “እያወራ ነው፣ ዝም በሉ” ትል ነበር። ዝም አልኩ።

ፍንጭቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች። ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም። “እማማ መጣች?” አለች። እናትሽን እማማ እንደምትላት ታውቂያለሽ። “የሞተ ሰው አይመጣም፣ ተቀመጪ” አልኳት። ከዚያ ጥያቄሽን መለሰችልሽ። ጫፉን ቆርጣ አነሳች፣ ውስጡን በጣቷ ፈልፍላ በላች፣ የቀረውን ቅርፊት አውራ ጣቷ ላይ እንደ ቆብ ደፋችው። ጣቷን ጎንበስ ቀና እያደረገች በቀጭን ድምፅ “እንደምን ዋሉ ጌታዬ” አለችኝ። ይሄ ምንድን ነው ስላት “የእማዬ ጨዋታ ነው። ባንተ ዳቦ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ጣቴን ያመኛል” አለች።

ከዚያም “እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?” አለች። ለስንት ጊዜ ያልጠየቀችውን።

“ረስታሻለች” አልኳት።

ቆቡን ከጣቷ ሳታወልቅ አየችኝ። ከዚያ የቀረውን ዳቦ በላች፣ ሙሉውን። ሚዛኑ ተሠርቷል። ሃያ አንድ ኪሎ ተኩል።

አባትሽ


ጥር 14

ለልጄ፣

እባክህ የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ጽፈሻል። እርስዎ ማለቱንም ትተሻል። ቆጥሬዋለሁ፤ በሐዘንሽም ቀን ይህን ያህል አልተለማመጥሽኝም። እናትሽ አልረሳችሽም ብለህ ንገራት ላልሽው፣ አልነግራትም። ልጅ ሁለት ቦታ ላይ ልቧን አኑራ አትወፍርም።

እንዴት ናት ብለሽ ጠይቀሻል። ባለፈው ሳምንት ሃያ ሁለት ኪሎ። ነርሷ “ምን እያበሏት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። “ዳቦ” አልኳት። “የማን ዳቦ?” አለችኝ። “የኔ” አልኩ። ለእረፍቱ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። እዚያው አንሶላሽን እጠፊ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም አስተካክያለሁ። ጫፎቹን ስትበላ አላይም ነበር። ስጠርግ አልጋዋ ሥር አገኘኋቸው። ዘጠኝ ቆብ ደርቀው ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አደራደሯን ብታዪ፤ ታችኛው ረድፍ አምስት፣ ከላይ አራት፣ የላይኛው መጋጠሚያ የታችኛው መሀል ላይ አርፏል። ማንም አላስተማራትም። የእኔ ዘር ናት።

“ለማን ነው?” አልኳት።

“ለእማዬ። ስትመጣ እንድንጫወት።”

“ረስታሻለች ብዬሽ የለም?”

“ስታያቸው ታስታውሳለች” አለች።

አይጥ ይጠራል። ትምህርት ቤት ስትሄድ ዘጠኙንም ወቅጬ ሾርባው ውስጥ ጨመርኩት። ሾርባ እንደዚያ ወፍሮልኝ፣ እንደዚያ ጣፍጦልኝ አያውቅም። ጨርሳ “አያቴ፣ ዛሬ ምን ጨመርክበት?” አለችኝ። ነገርኳት። እኔ በሥራዬ የምደብቀው ነገር የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ አኩርፋለች። የልጅ ኩርፊያ ነው፣ ያልፋል።

ሚዛኑ እንደገና ተበላሽቷል።

አባትሽ


ጥር 30

ለልጄ፣

ሚዛኑ አልተበላሸም። በፊትም አልተበላሸም ነበር።

ዛሬ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ነርሷ መዘነቻት። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል። ሁለት ጊዜ እንድትመዝናት ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ መዘነቻት።

በሽታ እንዳይመስልሽ፣ ሐኪሙ አይቷታል፤ ምንም የለባትም። ከልብስ ሰፊዋ እጅ ብስኩት ትበላለች። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ትበላለች። ከእኔ እጅ ነው የማትቀበለው። አትጮህም፣ አታለቅስም። ሳህኑን በሁለት እጇ ወደኔ ትገፋና “ጠገብኩ አያቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ትላለች። ጨዋ ልጅ ናት። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሁሉንም ሞክሬአለሁ። ሩዝ በወተት ሠራሁ። ዶሮ ጠበስኩ። ኬክ ጋገርኩ፣ ስድስት ዕንቁላል ያለው፤ ከልብስ ሰፊዋ ነው የተማርኩት፣ እየሳቀችብኝ። ኬኩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ልጅቷ አየችውና “ያምራል” አለች። እስከ ማታ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዋለ።

ትናንት የእናትሽን ዳቦ ጋገርኩ። ጫፉን ቆረጥኩ፣ ውስጡን ፈለፈልኩ፣ አውራ ጣቴ ላይ ደፋሁት። ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። ጣቴን ጎንበስ ቀና አድርጌ “እንደምን ዋልሽ እመቤቴ” አልኳት። የግንበኛ ጣት ወፍራም ነው፤ ቆቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ በጣቷ ለቀመችው። ደስ አለኝ፣ ልትበላው ነው ብዬ። መሀረቧ ላይ አድርጋ ቋጠረችውና “ይሄ የእማዬ ነው” አለች።

ልብስ ሰፊዋ ምን ትለኛለች መሰለሽ? “ጋሼ፣ ኪሷ ውስጥ ሁለት ኪሎ ብረት ቢገባ ማን ያያል?” አስቤው ነበር። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ብረቱን መርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጃለሁ። ፊደል ሰርቄአለሁ። ልክ ግን ሰርቄ አላውቅም። ብረቱን ከበሩ ውጪ ጣልኩት።

ውል ውል ነው። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ነይ። እኔ ቤት አልኖርም፣ የማቃናው ግድግዳ አለ። ቁልፉን ልብስ ሰፊዋ ትሰጥሻለች። ሻንጣዋን አስሬዋለሁ፤ መሀረቡ ራሷ ጋ ነው፣ እንዳትነጥቂያት። ደብዳቤዎችሽን አትፈልጊ፣ ሁሉም ነደዋል፤ የጻፍሽላትን በአፍሽ ንገሪያት። እያነበብኩ ነበር የማቃጥለው፣ ስለዚህ የቀረ ነገር ካለ እኔ አውቀዋለሁ። ብትጠይቂኝ ግን አልነግርሽም።

በመንገድ ላይ ምን ላብላት ካልሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ታገኛለሽ። እኔ እንደጋገርኩት አትንገሪያት። አንቺ ያመጣሽው ነው በያት። እንደ እንግዳ ካየችሽ፣ ጫፉን ስትሰጫት ታውቅሻለች። እዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ እንዳታለቅሺ። በለቅሶ የሚቀድምሽ እንደሌለ አይተናል።

ጠርሙሱ መስኮቱ ሥር ነው። አንቺ የራስሽ አለሽ፣ አያስፈልግሽም። በየቀኑ ዱቄትና ውሃ ይፈልጋል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ዳቦውን የሚበላ ሰው በቤቱ ከሌለ ምን እንደሚደረግ ግን አልጻፍሽልኝም።

አባትሽ